ባሩዱ ነው ወይስ ብረቱ?

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ዕለተ ስቅለት ነበር። ከመቅደላ አምባ አጠገብ በፋላ ተራራ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፎች አፋቸውን ቁልቁል ወደ እሮጌ ሜዳ መልሰው ተደርድረዋል። ሰማዩ ያጉረመርማል፤ ከታች የበሽሎን ሸለቆ አቋርጦ የወጣው የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ግንባር ቀደም ጦር ይታያል። ተኩሱ ሲከፈት ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ አረሩን ወደ ጠላት መስደዱ ቀርቶ ራሱ ፈነዳ። ባሩድ ከልኩ በላይ ስለ ጎረሰ ነው የሚል ቃል ተጽፎ ቀርቷል። ሊሆን ይችላል። ገና ከቅርጹ ሲወጣ ጉድለት በሆዱ ይዞ የወጣም ሊሆን ይችላል። ስብርባሪውን ለቅሞ ከአምሳያው ጋር ያስተያየ ሰው አልነበረም፤ መድፉም አምሳያ አልነበረውም። ባሩዱ ነው ወይስ ብረቱ የሚለው ጥያቄ ለመድፍ ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ ዛሬ ፈቃድ ያለው ሰው በወገቡ የሚይዘው ሽጉጥ ቀለህ አልተፋ ሲል፣ ሞላው ሲደክም፣ ብረቱ ሲሰነጠቅም የሚነሣው ያው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፤ የመሣሪያ ዕቃ ዘላቂ ጥራት ከአንድ መሣሪያ መልክ፣ ክብደት ወይም ዝና አይነበብም። የሚታወቀው በአንድ ልክ የወጡ ብዙ አምሳዮች ተተኩሰው፣ ተቆጥረው፣ ሲሰበሩም ተመዝግበው ሲገኙ ነው። ለዚህ ነገር ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ከጋፋት የተሻለ ማስረጃ በአገራችን ማግኘት ይቸግራል።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በፋርጣ ምድር የምትገኝ ስፍራ ናት። በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና ሚሲዮን የመጡት ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ጓደኞቹ ወንጌልንም የእጅ ሙያንም ይዘው ነበር የመጡት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከሁለቱ የፈለጉት ሙያውን ነበር። ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም፣ ሞሪትዝ ሆል የተባለ ፖላንዳዊም በዚያው ሠሩ። ሚሲዮናውያኑ መድፍ ማፍሰስ አናውቅም ብለው ቢከራከሩ አልተሰሙም፤ ስለዚህ ሙያውን የተማሩት በመሥራት ነው። የመጀመሪያ ሙከራዎቻቸው ከሸፉ፤ ቀጥለው ግን ተሳካላቸው። የተሳካበትን ቀን ታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ ያነሡታል፤ እኔ ግን የሚያሳስበኝ የከሸፉት ናቸው። አንድ ማቅለጫ ምድጃ ስለ ሥራው ጥራት የሚያውቀው ከከሸፉት ነውና። የከሸፈው ለምን እንደ ከሸፈ፣ ቀጣዩም በምን እንደ ተለየ ተጽፎ ካልተያዘ ስኬቱ ራሱ ዕድል ይሁን ዕውቀት አይለይም።

ሥራው በራሱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበር ለመረዳት የነሐስን ጠባይ ማየት ያስፈልጋል። ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ቆርቆሮ ግን በ232 ዲግሪ ይቀልጣል። ቅይጡ ወፍራም ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ ውጭው አስቀድሞ ይረጋል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲረጋ ቆርቆሮው እኩል ሳይሠራጭ ይቀራል፤ አንዱ ቦታ ጠንካራና ተሰባሪ፣ ሌላው ቦታ ለስላሳ ይሆናል። የቅርጹ ጭቃ ጨርሶ ካልደረቀ እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ በቀለጠው ብረት ውስጥ አረፋ ያበጃል፤ አረፋው ሲረጋ ከላይ የማይታይ ቀዳዳ ይሆናል። ደብረ ታቦር ደግሞ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ክረምቷ የረዘመ፣ አየሯ ከቆላው ሩብ ያህል የሳሳ አገር ናት። በከሰልና በወናፍ ያን ያህል ግለት አግኝቶ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ራሱን የቻለ ውጊያ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከእጅ የወጣ መድፍ ከውጭ ሲያዩት ያማረ ሊሆን ይችላል፤ በሆዱ ያለውን ግን የሠራውም አያውቀውም። ጉዳዩ የጋፋት ሰዎች ጥበብ ማነስ አይደለም፤ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ማቅለጫዎችም መድፋቸው ይፈነዳ ነበር። ልዩነቱ እነሱ ብዙ ስለሚሠሩ የፈነዳውን ካልፈነዳው ጋር ማስተያየት መቻላቸው ነው።

እዚህ ላይ ሴባስቶፖልን የሚያነሣ ተከራካሪ አይጠፋም፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ ሞርታር በጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሣ። ዛሬ ገሳይና ነፋስ መውጫ ባሉበት በምሥራቁ አቅጣጫ፣ በጨጨሆ አቀበት፣ በጅዳና በበሽሎ ገደሎች እየተጎተተ፣ መንገዱም ከፊቱ እየተቆረጠለት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡለት፣ ከወራት በኋላ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። እንግሊዞች የቀሩትን መድፎች ሰባብረው ሲሄዱ እሱ እዚያው ቀረ፤ አሁንም አለ። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስሉ ነው። ከ150 ዓመት በላይ ዝናብና ፀሐይ ችሎ የቆየ ብረት ጥራቱን ከዚህ በላይ በምን ያስመስክር? ክርክሩ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። መሣሪያ ቁጭ ብሎ መቆየቱና እየሠራ መቆየቱ የተለያዩ ናቸው። ነሐስ አይዝግም፤ ያልተተኮሰ ሞርታር ደግሞ የውስጥ ግፊት አይገጥመውም። ሴባስቶፖል ስለ ጋፋት ሰዎች ትጋት፣ ስለ ጎታቾቹም ጽናት ይመሰክራል፤ መቶ ጊዜ ቢተኮስ ይችል እንደ ነበር ግን አንድ ቃል አይናገርም። ስለ መድፍ ጥራት የሚናገረው በፋላ ላይ የፈነዳው ነበር፤ እሱንም ማንም አላዳመጠውም።

በዚያው ቀን በእሮጌ ሜዳ የነበረው ሌላኛው መሣሪያ ፍጹም የተለየ ታሪክ አለው። ሕዝባችን ሰናድር ብሎ የሚያውቀው የስናይደር ጠመንጃ በእንግሊዝ ጦር እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጊያ ያየው እዚያ ነው። ከኋላ ስለሚጎርስ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ አሥር ጊዜ ያህል ይተኩስበታል፤ በአንጻሩ የቴዎድሮስ ወታደር ናስማስሩን በአፈሙዙ እየጠቀጠቀ ያጎርስ ነበር። በቀኑ መጨረሻ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞተዋል፤ ከእንግሊዞች የቆሰሉት 20 ገደማ ሲሆኑ ኋላ ሁለቱ ሞተዋል። ስለ ፍጥነቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አሠራሩ ግን በእኛ ዘንድ ብዙም አይነሣም። ስናይደር አዲስ ጠመንጃ አልነበረም፤ የ1853ቱ (እ.ኤ.አ.) የኤንፊልድ ጠመንጃ የኋላ ክፍሉ ተቆርጦ የተለወጠ ነው። የኤንፊልድ ፋብሪካ ደግሞ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካ ባመጣቸው ማሽኖች እንደገና ተደራጅቶ ነበር። እያንዳንዱ ዕቃ በየደረጃው በቁርጥ መለኪያ ይፈተሻል፤ መለኪያው ካላስገባው ይጣላል። ከሺህ ጠመንጃ የተፈታ ዕቃ ተደባልቆ ቢመለስ ሺህ የሚሠራ ጠመንጃ ይወጣዋል። ይህ ለጥገና ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ሁሉም ዕቃ አንድ ልክ ሲሆን የተሰበረው ለምን እንደ ተሰበረ መጠየቅ ይቻላል። አንድ ሞላ ብቻ ከተሰበረ ያ ሞላ ነው፤ መቶ ሞላ በአንድ ቦታ ከተሰበረ ንድፉ ወይም ብረቱ ነው፤ በአንድ ወር የተሠሩት ብቻ ከተሰበሩ ደግሞ የዚያ ወር ምድጃ ነው። ጋፋት ይህን ጥያቄ የምትጠይቅበት መንገድ አልነበራትም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በአፋቸው የጠጡት ሽጉጥ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስሏ በካሜሮን እጅ ከላከችላቸው ሽጉጦች አንዱ ነበር። ስለዚያ ሽጉጥ ብዙ ስሜት ተጽፏል፤ ከዕቃ ጥራት አንጻር ግን የሚለው ነገር ትንሽ ነው። ለንጉሥ የሚላክ የስጦታ ሽጉጥ ተመርጦ፣ በእጅ ተወልውሎ፣ ለሌላ የማይደገም ሆኖ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ በፈለጉበት ሰዓት መተኮሱም ስለ አንድ ጥይት ብቻ ይመሰክራል። የሽጉጥ ሻጭ ሁሉ «አንዴም ተቀርቅሮ አያውቅም» ሲል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያቀርብም፤ ስንት ጊዜ ተተኩሶ ነው ያልተቀረቀረው ተብሎ ካልተጠየቀ ቃሉ ባዶ ነው።

ወደ ዛሬው ሽጉጥ እንምጣና በአገራችን በደንብ የሚታወቀውን ማካሮቭን እንውሰድ። ሶቪየት ኅብረት በ1951 (እ.ኤ.አ.) ለጦሯ የተቀበለችው ይህ ሽጉጥ ዕቃው ጥቂት ነው። ካዝናው ወጥቶ፣ ጎሬው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ የምላጩ ከለላ ወደ ታች ተስቦ የላይኛው ተንሸራታች ሲወጣ፣ በርሜሉ ከታችኛው አካል ጋር በፒን ተጠብቆ ቆሞ ይታያል፤ መላሹ ሞላ በርሜሉን ተጠምጥሞበታል። ከእጀታው ፕላስቲክ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ሞላ ደግሞ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ መዶሻውን ይገፋል፣ ምላጩን ይመልሳል፣ የታችኛው ጫፉም ካዝናውን ቆልፎ ይይዛል። ንድፍ አውጪው ኒኮላይ ማካሮቭ ዕቃ በመቀነስ የሚሰበረውን ቀነሰ። ግን እዚህ ጋ ነው ገዥ የሚሳሳተው፤ አንድ ዕቃ ሦስት ሥራ ከያዘ የዚያ አንድ ዕቃ ጥራት ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ይህን ሽጉጥ ሶቪየት በኢዤቭስክ፣ ምሥራቅ ጀርመን በዙል፣ ቡልጋሪያ በካዛንለክ ሠርተውታል፤ ቻይናም በራሷ ስም ሠርታዋለች። የኢዤቭስኩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ፍላጻ፣ የካዛንለኩ በክብ ውስጥ 10 ቁጥር ተመትቶበት ይገኛል። ንድፉ አንድ ነው፤ ሞላውን የጋገረው ምድጃ ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ «ማካሮቭ ጥሩ ሽጉጥ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ ንድፉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በጠረጴዛው ላይ ስላለው ስለዚህኛው ግን ገና ምንም አላለም።

ስለዚህኛው የሚናገረው ምንድን ነው? ቀለሙ መልቀቁ አይደለም። ከአፎት ሲወጣና ሲገባ አፈሙዙና ጠርዞቹ ነጭ መሆናቸው የመያዝ ምልክት እንጂ የመተኮስ ምልክት አይደለም፤ ገዥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ የሚቆርጠው በዚያ ነው። ይልቅ የተንሸራታቹና የታችኛው አካል ቁጥር አንድ መሆኑ፣ ከቀለህ መውጫው መስኮት ጥግ የፀጉር ያህል ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ፣ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመታበት ቦታ ብረቱ ተደቁሶ ማበጡ፣ የቀለህ ማውጫው ጥርስ ስለታም መሆኑ ወይም መዶልዶሙ፣ የመምቻው መርፌ ጫፍ ክብነቱን መጠበቁ ይታያል። መላሹ ሞላ ከአዲስ ሞላ አጠገብ ሲቀመጥ ማጠሩ ብዙ ይናገራል። ሞላን የሚያደክመው በዋናነት ተጨምቆ መቀመጡ ሳይሆን ደጋግሞ መጨመቁና መለቀቁ ነው፤ ስለዚህ ያጠረ ሞላ በሽጉጡ ላይ ያልተጻፈውን የተኩስ ቁጥር በከፊል ያወጣዋል። ልብ ይበሉ፤ ይህን ሁሉ ለማለት ያስቻለን አዲሱ ሞላ መኖሩ ነው። ማስተያያ የሌለው ዕቃ ጥሩ ነው ወይም ደክሟል ለማለት መነሻ የለውም።

ከፋላው ፍንዳታ 120 ዓመት ገደማ በኋላ ያው ክርክር በአሜሪካ ጦር ውስጥ ተነሣ። ጦሩ ከጣሊያኑ ቤሬታ የተቀበለው ኤም 9 ሽጉጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተንሸራታቹ እየተሰነጠቀ የኋላ ቁራጩ ወደ ተኳሹ ፊት መመለስ ጀመረ፤ የተጎዱም ነበሩ። ከፊሉ ብረቱ ነው አለ፤ ኩባንያው ደግሞ ጦሩ የተኮሰው ከልክ በላይ ግፊት ያለው ጥይት ነው አለ። ባሩዱ ነው ወይስ ብረቱ! እዚህ ግን ነገሩ በዚያው አልቀረም። በሺህ የሚቆጠሩ አንድ ዓይነት ሽጉጦች ነበሩ፤ በቤተ ሙከራ እስኪሰነጠቁ ድረስ ተተኮሱ፤ በየስንት ሺህ ጥይቱ እንደ ተሰነጠቁ፣ የትኛው ምድብ ብረት እንደ ነበሩ ተመዘገበ። የመጨረሻው መልስ ጥፋተኛውን ከመለየት ይልቅ ብልህነት ነበረው፤ የመዶሻው ፒን ራስ እንዲሰፋ፣ ተንሸራታቹም በውስጡ ቦይ እንዲኖረው ተደረገ፤ ብረቱ ቢሰበር እንኳ ቁራጩ ወደ ኋላ አይወጣም። ክርክሩ ሳያልቅ ችግሩ አለቀ። ይህን ያደረገው የተሻለ ብረት አይደለም፤ የተቆጠረ ስብራት ነው።

አሁን ጠንከር ያሉትን ተቃውሞዎች እንመልከት። የመጀመሪያውን በጋይንትም በእስቴም በፋርጣም መስማት አያስቸግርም፤ የድሮ ዕቃ ይሻላል የሚለው ነው። ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ቤልጅጉ እስካሁን ይተኩሳሉ፤ የዛሬው ዕቃ ግን በዓመቱ ይዝላል ይባላል። ቤልጅግ እውነትም ጥሩ ጠመንጃ ነበር፤ በሔርስታል ፋብሪካ በጥብቅ መለኪያ የተሠራ ማውዘር ነው። ነገር ግን ዛሬ የምናየው የተረፉትን ብቻ ነው። አፈሙዛቸው የተበላ፣ መዝጊያቸው የተሰነጠቀ፣ ለመለዋወጫነት የተፈቱት፣ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደው ማረሻና ማጭድ የሆኑት ተቆጥረው አያውቁም። በዚያ ላይ የተረፈው ጠመንጃ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በትከሻና በግድግዳ ላይ፣ በሰርግና በለቅሶ ነው፤ ጥይቱ ውድ ስለሆነ ባለቤቱ በዓመት የሚተኩሰው በጣት የሚቆጠር ነው። እንዲህ የተያዘ ጠመንጃ መቶ ዓመት ቢቆይ ስለ ባለቤቱ ጥንቃቄ እንጂ ስለ ዕቃው ድካም አቅም ብዙ አያሳይም። ደግሞም የአገራችን የጠመንጃ ታሪክ የዓይነት ብዛት ታሪክ ነው፤ በዐድዋ ዘመን ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ቬተርሊ ጎን ለጎን ተሰልፈው ነበር፤ አንዱ የሌላውን ጥይት አይጎርስም፣ ዕቃውም አይለዋወጥም። ጀግንነቱን ይህ አይነካውም፤ ስለ ዕቃ ጥራት የጋራ ዕውቀት እንዳይከማች ግን አድርጓል፤ እያንዳንዱ ባለ ጠመንጃ የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነበርና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ አሠራር ነው። ዕቃው ከድፍን ብረት በፍሬዛ ተፈልፍሎ የወጣ ከሆነ ጥሩ፣ ከላሜራ ታጥፎ ወይም ከዱቄት ተጋግሮ የወጣ ከሆነ ርካሽ ነው የሚለው። ብዙ ዐዋቂዎችም ያምኑበታል፤ ግን ማስረጃው ወደ ሌላ ይመራል። ክላሽንኮቭን እንውሰድ። መጀመሪያ አካሉ ከታጠፈ ላሜራ እንዲሠራ ነበር የታቀደው፤ ላሜራው እየተጣመመ ተቀባይነት ያጣው ዕቃ ስለ በዛ በ1951 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ወደ ድፍን ብረት ተመለሱ። በ1959 (እ.ኤ.አ.) በኤኬኤም እንደገና ወደ ላሜራ ሄዱ፤ ክብደቱም ከአራት ኪሎ በላይ ከነበረው ወደ ሦስት ኪሎ ገደማ ወረደ። በመላው ዓለም በማይሰበርነቱ የታወቀው ክላሽ አብዛኛው ያ የላሜራው ነው። ያው አሠራር በ1940ዎቹ መጨረሻ መጥፎ፣ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ጥሩ የሆነው ላሜራ ስለ ተለወጠ አይደለም፤ ማጠፊያው፣ ምድጃውና መለኪያው በእጅ ስለ ገቡ ነው። የብረት ዱቄትም እንደዚያው ነው። ደቃቅ ዱቄት ከማያያዣ ጋር ተለውሶ በግፊት ቅርጽ ውስጥ ይገባል፤ ማያያዣው ይወገድና በምድጃ ይጋገራል፤ ሲጋገር በርዝመቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሟሽሻል። መሟሸሹ እኩል ከሆነ የተጣራ ዕቃ ይወጣል፤ ካልሆነ ከውስጡ የማይታይ ቀዳዳ ያለው መዶሻ ወይም የቀለህ ማውጫ ይወጣል። ጋፋት ውስጥ በእርጥብ ጭቃ የተፈጠረው አረፋ እዚህ በሌላ ስም ተመልሷል። ይህ አሠራር ለአጭርና ወፍራም ዕቃ ይመቻል፤ እንደ ቀለህ ማውጫ ለሚታጠፍና ለሚመለስ ቀጭን ዕቃ ግን ከድፍን ብረት የተቆረጠውን እኔም እመርጣለሁ። ምርጫው ግን ከዕቃው ሥራ የመጣ ነው፤ «የዱቄት ዕቃ» የሚለው ስም ብቻውን ፍርድ አይሆንም።

የመፈተሻ ማኅተም ያለው ዕቃስ አያስተማምንም? የአውሮፓ ሽጉጥ በርሜል ላይ የተመቱት ጥቃቅን ምልክቶች የመፈተሻ ቤት ማኅተሞች ናቸው። የሊዬዡ የቤልጅግ መፈተሻ ከ1672፣ የበርሚንግሃሙ ከ1813 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ እንግሊዝ የበርሜል ፍተሻ ሕጓን ያጠናከረችውም በመቅደላው ዓመት በ1868 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዛሬው ዓለም አቀፍ ደንብ ሽጉጥ ከተፈቀደው ግፊት 30 በመቶ በሚበልጥ ጥይት ተፈትኖ ነው ማኅተም የሚያገኘው። ይህ ማኅተም ለፋላው መድፍ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ገደቡ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ፍተሻው የሚናገረው ሽጉጡ በዚያን ቀን አለመፈንዳቱን ነው፤ አሥር ሺህ ጥይት በኋላ የሚሆነውን አይናገርም። ጥንካሬና ዕድሜ የተለያዩ ናቸው፤ ብረት በአንድ ከባድ ግፊት ላይሰበር፣ በአሥር ሺህ ቀላል ግፊቶች ግን ደክሞ ሊሰበር ይችላል። በ1911 (እ.ኤ.አ.) ኮልት ለአሜሪካ ጦር ያቀረበው ሽጉጥ በሁለት ቀን 6,000 ጥይት ሳያንገራግር ተኩሷል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወደሳል፤ ሲግል ውኃ ውስጥ እየተነከረ ነበር የሚቀዘቅዘው። ትልቅ ነገር ነው። ግን የተኮሰው ያው አንድ ሽጉጥ ነበር፤ ፋብሪካው ሊፈተን ያቀረበው፣ ያውም የንድፉ ባለቤት ጆን ብራውኒንግ ቆሞ የሚያየው። ከሺህ መካከል በጭፍን ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ማስረጃነቱ ይበልጥ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ የአገር ቤት ባለሙያ በሞረድ አስተካክሎ የሚገጥመው ዕቃ ከፋብሪካው ይበልጣል የሚለው። ሊበልጥ ይችላል። በእጅ የተገጠመ ዕቃ ለዚያ ለአንዱ ሽጉጥ ክፍተቱ ጠቦ፣ ምላጩ ለስልሶ፣ አተኳኮሱ ተስተካክሎ ሊሠራ ይችላል፤ የውድድር ሽጉጥ በመላው ዓለም በእጅ ነው የሚስተካከለው። የሚጎድለው ቀጥሎ ያለው ነው። በሞረድ የተበላ የምላጭ መያዣ ጥርስ የላይኛው ጠንካራ ሽፋኑ ተነሥቶለታል፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳው ብረት ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ቶሎ ይበላል፣ በመጨረሻም ሳይነኩት መዶሻውን ሊለቅ ይችላል። በቶርኖ የተሠራ መምቻ መርፌ ደግሞ ልኩ ትክክል ሆኖ ብረቱ በግለት ካልተጋገረ ጫፉ ይደፈጠጣል፤ ከልክ በላይ ከተጋገረ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ባለሙያው ይህን ሁሉ ሊያውቅ ይችላል፤ ሽጉጡን በሦስተኛ እጅ የሚገዛው ሰው ግን የባለሙያውን ዕውቀት አብሮ አይገዛም። ፋብሪካው ዕውቀቱን በልኩ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ባለሙያው በእጁ ይዞት ይሄዳል። ከመቅደላ በኋላ የሆነውም ይኸው ነው፤ የጋፋት ሠሪዎች የናፒየር ጦር ካስፈታቸው አውሮፓውያን እስረኞች ጋር ከአገር ወጡ፣ ሞሪትዝ ሆልም ኋላ በያፋ ከተማ ኖረ፤ በጋፋት የቀረ መለኪያ፣ የቀረ የቅይጥ መዝገብ አልነበረም።

በደብረ ታቦር አቅራቢያ ያለው የጉና ዳገት ጉምና ክረምትም በዚህ ፍርድ ድርሻ አላቸው። በወገብ የሚያዝ ሽጉጥ ላብና እርጥበት ይጠጣል፤ የድሮው የወታደር ጥይት ቆብ ሲተኮስ የሚተወው ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ስቦ በርሜሉን በጥቂት ቀን ውስጥ ያዝገዋል። የክላሽ በርሜል ውስጡ በክሮም የተለበጠው በከፊል ለዚህ ነው። ስለዚህ በደብረ ታቦር ገበያ ዙሪያ የዛገ በርሜል ያየ ሰው ፋብሪካውን ከመውቀሱ በፊት የተተኮሰው ምን ጥይት እንደ ሆነ፣ ከዚያ በኋላም በፈላ ውኃና በዘይት ተጠርጎ እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት። የጥገና ጉድለትና የፋብሪካ ጉድለት በአንድ ሽጉጥ ላይ መልካቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት እዚህም በብዛት ነው። በቆላም በደጋም፣ በጥሩ ያዥም በመጥፎ ያዥም እጅ በአንድ ቦታ የሚሰበር ዕቃ የፋብሪካው ነው።

ጋፋት የሚለው ስም ዛሬ ክላሽንኮቭ መሰል ጠመንጃ የሚያመርተው የአገሪቱ የመሣሪያ ኢንዱስትሪ ስም ነው። ስሙ ለመታሰቢያነት ያምራል። የሚጠበቀው ግን የሴባስቶፖልን ግርማ መውረስ ሳይሆን በፋርጣ ያልነበረውን መሥራት ነው፤ ከየምድቡ በጭፍን ዕጣ ጥቂት መሣሪያ አንሥቶ እስኪደክም መተኮስ፣ ዕቃቸውን አደባልቆ መልሶ መግጠም፣ የተሰበረውን ከነቀኑና ከነምድጃው መመዝገብ። በመንግሥት በኩልም ቀላል ጅምር አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝና እንዲመዘገብ ይደነግጋል። መዝገቡ መሣሪያውን በቁጥሩ ለይቶ ያውቀዋል፤ ሞላው መቼ እንደ ተለወጠ፣ በማን እንደ ተለወጠ፣ ምን እንደ ተሰበረበት የሚጻፍበት አንድ መስመር ቢጨመርበት፣ የመሣሪያ ጠጋኙም ስሙን ከሥሩ ቢፈርም፣ ማካሮቭን ከየትኛው ፋብሪካ መግዛት እንደሚሻል የሚጠይቅ የፖሊስ ንብረት ክፍል የሚያገላብጠው ወረቀት ይኖረዋል።